ስንቆርብ ትሰማዋለህ

በእንዳለው ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከበቅሎዋ ኮርቻ ጎን፣ ልጅ ታዝሎበት የማያውቅ አንቀልባ ተሰቅሎ ይኖር ነበር። ቆዳውን አልፍተው፣ ዳር ዳሩን በዛጎል አስጊጠው የሰጡት አማቱ እማማ ደብሬ ናቸው። ሚስቱ አስቻለች በየዓመቱ ፋሲካ ሲደርስ ታወርደውና ቅቤ ታስነካዋለች፤ ቆዳ ካልተቀባ ይደርቃላ! ከቀባችው በኋላ ጭኗ ላይ አስተኝታ ጥቂት ትቆያለች፤ ከዚያ መልሳ ትሰቅለዋለች። እንዳለውም በዚያች ሰዓት ለበቅሎዋ ሣር የሚሰጥ መስሎ ከቤት ይወጣል። ምን ይበላት? የሌለ ልጅ አንቀልባ ለምን ትቀቢያለሽ ይበላት?

ቤታቸው ከገነተ ማርያም ዝቅ ብላ ባለች ጎጥ ውስጥ ነው። እንዳለው ገብስ ያርሳል። እንግዳ ይመጣ በነበረበት ዘመን ደግሞ በቅሎውን እየሳበ ላሊበላ ይሄድና ወደ አሸተን ማርያም የሚወጡ ጎብኚዎችን ያደርስ ነበር። ሲበዛ ዓይን አፋር ነው። አስጎብኚዎቹ «ከሱ ይልቅ በቅሎዋ ታወራለች፤ ዋጋውንም ከሷ ጋር ተነጋገሩ!» እያሉ ሲስቁበት አንገቱን ደፍቶ አብሮ ፈገግ ይላል። ከአስቻለች ጋር ሲሆን ብቻ ምላሱ ይፈታል። እሷ ሳቂታ ነበረች፤ የሱን ዝምታ በሷ ሳቅ ትሞላዋለች።

በሰማንያ በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቀን አረም እያረሙ ሳለ «የክርስትና ስምሽ ማነው?» ብሎ ጠይቋት ነበር። አስቻለች ቀና ብላ ሳቀችበት።

«በሰማንያ ላገባ ሰው አይነገርም!»

«እኔ ባልሽ አይደለሁም እንዴ?»

«ባሌማ ነህ። ግን እማዬ ከጠበልና ከንስሐ አባትሽ በቀር ለማንም እንዳትናገሪ ብላ አስምላኛለች። የክርስትና ስም በክፉ ሰው ጆሮ ከገባ ድግምት ይሠራበታል። ስንቆርብ ቄሱ ሲጠሩኝ ትሰማዋለህ።»

«መቼ ነው የምንቆርበው?»

«አንተ አፍህን ከፍተህ አባ ተክለ ሚካኤልን ቁርባን ስጡን ማለት ስትችል ነዋ!»

እንዳለው አፈረ። አባ ተክለ ሚካኤል የሁለቱም የንስሐ አባት ናቸው፤ ቢጠይቃቸው ደስ ይላቸው ነበር። ግን ዛሬ ነገ ሲል፣ አንዴ ከመኸር በኋላ፣ አንዴ ልጅ ሲመጣ እያለ ዓመታት አለፉ።

የመጀመሪያው እርግዝና ሲገፋ፣ እንደ አገሩ ወግ፣ አስቻለች ልትወልድ ወደ እናቷ ዘንድ ወረደች። የበኩር ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው፤ ባል አይከተልም። የእማማ ደብሬ አገር ከደጋው ወርዶ፣ መኪና መንገድ ዳር ካለች አነስተኛ ከተማ አጠገብ ነው። እንዳለው የወንድ ልጅ እልልታ ሲጠብቅ የመጣለት ወሬ ሌላ ነበር። ምጡ ጠንቶባት፣ ደም ፈስሷት፣ ራሷን ስታ ወደ ከተማው ሆስፒታል ተወስዳለች። ሆዷን ቀደው ልጁን አወጡት… ሕይወት ግን አልነበረውም። እንዳለው ሲደርስ ሚስቱ ከሆስፒታል ወጥታ፣ አመድ መስላ፣ ግድግዳውን እያየች ተኝታ ነበር። ሐኪሞቹ ስትወጣ የሰጧትን ወረቀት እማማ ደብሬ እሳት ውስጥ ጥለውታል።

«ልጁ ከሌለ ወረቀቱ ምን ያደርግልናል?» አሉት እያለቀሱ። «እያየነው እንድናለቅስ ነው?»

ማን ይፈርድባቸዋል? የልጅ ልጃቸውን በነጠላ ጠቅልለው የቀበሩ እናት ናቸው። ከዚያ በኋላ ጦርነቱ መጣ። እማማ ደብሬ በስደት ላይ ታመው፣ ከአገራቸው ርቀው ሞቱ። ከሆስፒታሉ በር ጀምሮ የሆነውን ሁሉ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ያወቁትንም ይዘው ሄዱ።

ዓመታት አለፉ። የአስቻለች ማሕፀን ዝም አለ። የመንደሩ ሴቶች ክርስትና ሲጠሯት ትሄዳለች፣ ትዘፍናለች፣ ተመልሳ ትገባለች። ከዚያ ዘንድሮ፣ ገብሱ እሸት ሲይዝ፣ አንድ ማለዳ አንቀልባውን አውርዳ ቅቤ ስትቀባ እንዳለው አገኛት። ፋሲካ አልነበረም! እሱም በዚያ ቀን ለበቅሎዋ ሣር ሊሰጥ አልወጣም። አጠገቧ ተቀምጦ አብሯት ቀባ።

«በክርስትናዋ ዕለት እንቆርባለን» አላት። ሴት ትሆናለች ብሎ ለምን እንዳሰበ አያውቅም። «አባን ነግሬያቸዋለሁ።»

«አንተ? በአፍህ?»

«በአፌ።»

አስቻለች የዚያን ዕለት ያህል ስቃ አታውቅም። ወየው! ደስታ እንዲህ ቀድሞ ተከፍሎ ያልቃል እንዴ?

በአቅራቢያቸው ባለው ጤና ጣቢያ ያለችው አዋላጅ ነርስ ማኅሌት ትባላለች። የአስቻለችን ሆድ ስታይ ፊቷ ከበደ።

«ይኼ የምናየው ጠባሳ የቆዳው ነው» አለች። «ማሕፀኗ ውስጥ በየት በኩል እንደተቀደደ ግን አይነግረኝም። ከታች አግድም ከሆነ እየተጠበቀች ማማጥ ትችላለች። ቁመቱን ወደ ላይ ከሆነ ግን ምጥ ሊነካት አይገባም። ምጡ ሳይጀምራት ነው በኦፕራሲዮን መውለድ ያለባት።»

«ምጥ ቢነካትስ?» አለ እንዳለው።

ማኅሌት ወደ አስቻለች አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የተሰፋው ይተረተራል።»

«ታዲያ ዝም ብላችሁ ኦፕራሲዮን አታደርጓትም?»

«ተኩሱ እንደገና ስለጀመረ መንገድ ተዘግቶ ማደንዘዣ አልገባም፤ ያለችው ጥቂት ናት። የላሊበላ ሆስፒታል ሐኪሞች የሚያደርጉት ለባሰበት ብቻ ነው። ወረቀቱን ካመጣህላቸው ግን ከሁሉ በፊት ቀን የሚይዙት ለሷ ነው። መጀመሪያ በወለደችበት ሆስፒታል ካርዷ ይኖራል፤ ሂድና ኮፒውን አምጣ። ወሯ ሲገባ ደግሞ እናቶች ማቆያ ትመጣለች።»

አንዲት ወረቀት! የሚስቱ ሕይወት በአንዲት ወረቀት ላይ ተንጠለጠለ። እንዳለው በማግሥቱ በቅሎውን ለጎረቤቱ ለከፋለ አደራ ሰጥቶ መንገድ ጀመረ። መኪና የለም። በእግሩ ወርዶ፣ ተኩስ ሲሰማ ሰዋራ ቦታ ተደብቆ አሳልፎ፣ የቀረውን የጭነት መኪና ለምኖ ደረሰ። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ዙልፋ የምትባል፣ ሻሽ የጠመጠመች ጎልማሳ ሴት ናት።

«ካርዱ የሚሰጠው ለባለቤቱ ነው፣ ወንድምዓለም» አለችው። «እሷ መምጣት ካልቻለች የፈረመችበት ውክልና፣ ከቀበሌዋም ደብዳቤ ያስፈልጋል። ሕጉ ነው። የሰው ምስጢር ነው፤ ባሏ ነኝ ላለ ሁሉ ብሰጥ ነገ ማን ያምነኛል?»

ሌላ ሰው ቢሆን ይለምን ነበር። እግሯ ላይ ይወድቅ ነበር። ሚስቴ ልትሞትብኝ ነው ብሎ ይጮህ ነበር! እንዳለው ግን «እሺ» አለ። አንድ ቃል። ባርኔጣውን አንሥቶ፣ የመጣበትን መንገድ ሁሉ መልሶ ወጣ። ዝምታው ስንት ነገር እንደሚያስከፍለው ያን ጊዜ ገና አልገባውም ነበር።

አስቻለች ፈረመች። ቀበሌውም ደብዳቤ ጻፈ። ሊነሣ ሲል ጠየቃት፤

«እናትሽ ሆስፒታል ያስገቡሽ በማን ስም ነው?»

«በስሜ ነዋ! በማን ታስገባኝ? እኔ እኮ ራሴን አላውቅም ነበር፣ እንዳልዬ።»

ሁለተኛው መንገድ ከመጀመሪያው ባሰ። ሲደርስ እግሩ አብጦ ነበር። ዙልፋ ደብዳቤውን አየችና «አሁን ልክ ነው፤ አብሽር» አለችው። መዝገብ አገላበጠች። አስቻለች አረጋ የሚል የለም። ወሩን ሁሉ አየች። የለም። ከዚያ ወደ ኋላ ክፍል ወሰደችው። በጦርነቱ ጊዜ መደርደሪያው ተሰባብሮ፣ ካርዱ ከፊሉ ተቃጥሎ፣ የቀረው ግቢ ውስጥ ተበትኖ፣ ዝናብ መትቶት ነበር። ሠራተኞቹ ሲመለሱ እየለቀሙ በጆንያ ከትተውታል። እስካሁን ለይቶ የጨረሰው የለም።

«ያንተም በዚህ ውስጥ ይሆናል ኢንሻአላህ» አለች ዙልፋ። «ማንበብ ትችላለህ?»

«አንደኛ ደረጃ ጨርሻለሁ።»

«እንግዲያው ቁጭ በልና የላይ የላዩን ስም እያየህ አግዘኝ። ውስጡን ግን እንዳትከፍት፤ የሌላ ሰው ነው።»

ተቀመጡ። ጆንያው ሲፈታ የሻጋታ ሽታ ወጣ። እንዳለው እያንዳንዱን ካርድ አቧራውን በእጅጌው እያራገፈ አነበበ። ፈትሂያ… አልማዝ… ጀውሀራ… ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ፣ አንድም ስም ሳይዘል። አስቻለች ብቻ የለችም! በዓለም ላይ ያለች ሴት ሁሉ ወልዳ ካርዷ እዚህ ሲገኝ የሱ ብቻ የት ገባች? ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። ዙልፋም ደከማት። ያን ጊዜ ነው ከእንዳለው እጅ ላይ ያ ካርድ የወጣው።

ወለተ ሐና ወልደ ገብርኤል። ላስታ።

እንዳለው ስሙን አነበበና፣ ስንት ቀን ያልሳቀው ሰው፣ ድንገት ሳቁ መጣ።

«እማሆይ ደግሞ ምን አግኝቷቸው ማዋለጃ ክፍል ገቡ?» አለ።

ዙልፋ ካርዱን አየችና እሷም ሳቀች። «መነኩሲት ናቸው እንዴ?»

«ስማቸው የመነኩሴ ነው።»

«አንተ! ዝም የምትል መስለኸኝ፣ ለካ ተረበኛ ነህ!»

እንዳለው አፈረና ካርዱን ከታዩት ጋር አኖረው። በገዛ እጁ አኖረው! የጆንያዎቹ ሁሉ መጨረሻ ሲታይ ዙልፋ እጇን አራገፈች። «የለችም፣ ወንድምዓለም። ከተቃጠሉት ውስጥ ትሆናለች። አላህ ያውጣት።»

ባዶ እጁን ቤቱ ሲገባ አስቻለች ፊቱን አየችና ውኃ ጣደች። እግሩን በሞቀ ውኃ አጠበችለት። ልታጽናናው ፈልጋ ነው መሰል «እስቲ ተወው አሁን። መንገድ ላይ የሚያስቅ ነገር እንኳ አላጋጠመህም?» አለችው።

አጋጥሞት ነበር። ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። የመነኩሲቷን ካርድ ሊነግራት፣ ልትስቅለት፣ «ማን ይባላሉ እሳቸው?» ልትለው… ግን ሚስቱ ድርስ ሆና፣ በመነኩሴ መቀለድ ኃጢአት መሰለው። እግዚአብሔር ይቆጣን ይሆናል ብሎ ፈራ።

«የለም» አለ። «ምንም አላጋጠመኝም።»

ወይ እንዳለው! የሚያወራ ሰው ብትሆን ምን ነበረበት? ያቺን አንዲት ቀልድ ብትነግራት ምን ነበረበት?

ማቆያ የምትገባበት ቀን ሳይደርስ፣ አንድ ማለዳ፣ ከወሯ በፊት ምጥ መጣባት። ከፋለ ሰው ጠራ። ጎረቤት ተሰብስቦ በቃሬዛ አነሣት። ትከሻ እየተቀባበሉ፣ ዳገቱን እየሮጡ፣ «ማርያም! ማርያም!» እያሉ ወደ ላሊበላ አቀኑ። እንዳለው ከጎኗ እጇን ይዞ ይሮጣል። ከተማው ከሚታይበት ጉብታ ላይ ሲደርሱ አስቻለች ድንገት ጮኸችና ጸጥ አለች። ፊቷ ላይ ያለው ደም ሁሉ ሲወርድ ታየው።

«እንዳልዬ… ውስጤ የሆነ ነገር ተቀደደ።»

«ደርሰናል! ያው ከተማው!»

«ስማኝ። ስሜን ልንገርህ?»

እንዳለው ምን ልትለው እንደሆነ ገባው። ገባውና አንገቱን ነቀነቀ። ስሙን ቢሰማ መሰናበቷ ነው። ስሙን ቢሰማ እሺ ሂጂ ማለቱ ነው!

«አይሆንም!» አለ፤ በዕድሜው እንዲያ ጮኾ አያውቅም። «ስንቆርብ ነው ያልሽኝ! ስንቆርብ እሰማዋለሁ!»

አስቻለች ፈገግ ያለች መሰለች። «እሺ» አለች። ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም።

ሐኪሞቹ ያቺን ያለቻቸውን ማደንዘዣ አልሰሰቱም፤ ሮጠው ነው የተቀበሏት። ሕፃኗን አወጧት። መጀመሪያ ዝም አለች፤ መላልሰው እስትንፋስ ሲሰጧት ግን አለቀሰች። እናቷ ያን ለቅሶ ሰምታው ይሆን? ይህን የሚያውቅ የለም። የአስቻለች ደም አልቆም ብሎ፣ የሰጧትም ደም አልበቃ ብሎ፣ ቀትር ሳይሆን አረፈች።

የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ግቢ በነጭ ነጠላ ተሞላ። እንዳለው አላለቀሰም። ሰው «አልቅስ፣ ይወጣልሃል» ሲለው እንኳ መሬት መሬቱን ያያል። አባ ተክለ ሚካኤል ጥናውን ይዘው፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ ፍትሐቱን ጀመሩ። ከዚያ ጸሎቱ የሟች ስም የሚጠራበት ቦታ ደረሰ።

«ስለ እኅታችን… ስለ ወለተ ሐና ነፍስ…»

እንዳለው ቀና አለ።

«ማን አሉ?» አለ ከፋለን። «አባ ማን አሉ?»

«ስሟን ነዋ! የክርስትና ስሟን። ወለተ ሐና።»

የሻጋታው ሽታ አፍንጫው ላይ መጣ። ያ ካርድ። ያ ሳቅ። በእጁ ይዞት ነበር! በእጁ ይዞ፣ አንብቦ፣ ስቆበት፣ ከታዩት ጋር አስቀምጦት ነበር! እማማ ደብሬ ያን ዕለት ልጃቸው ደም ሲፈስሳት አይተው፣ አትተርፍም ብለው፣ መዝጋቢው ስሟን ሲጠይቃቸው ከሰማይ የምትጠራበትን ስም ሰጥተዋል። ከሞተች እግዚአብሔር እንዲያውቃት። የአባቷንም እንደዚያው፣ በተዝካሩ የሚጠራበትን። ለድኅነቷ ብለው የሰጡት ስም መጥፊያዋ ሆነ። እንዳለው «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!» ብሎ መቃብሩ አፈር ላይ ወደቀ። ሰዉ ሐዘን አእምሮውን የነሣው መስሎት አነሣው። እሱ ያየውን ማን አየለት?

አርባዋ ከወጣ በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ ወረደ። ዙልፋ ስታየው ፈገግ አለች።

«ተረበኛው! ደህና ከረምክ? እናት ተገላገለች?»

«የወለተ ሐናን ካርድ ፈልጌ ነው።»

«የመነኩሲቷን?» ብላ ልትስቅ አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ የተላጨ ራሱን፣ የለበሰውን ጥቁር አየች። ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። «ያ ረቢ…» አለች። ካርዱን ፈልጋ አመጣችና ከፈተችው። ያስገባቻት፣ እናቷ ደብሬ ይላል። ከታች ደግሞ ሐኪሙ በደማቁ አስምሮ ጽፏል፤ ማሕፀኗ ቁመቱን ወደ ላይ ስለተቀደደ ዳግመኛ ምጥ እንዳትገባ።

ዙልፋ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ሸፈነች። «እኔ ነኝ አትክፈት ያልኩህ።»

«አይደለም እትዬ። ልክ ነበርሽ፤ የሰው ምስጢር ነው። ኮፒ አድርጊልኝ።»

«አሁን ምን ያደርግልሃል?»

«ለልጄ» አለ። «አድጋ እናቴ ምን ሆና ሞተች ብትለኝ፣ እኔ ማውራት አልችልም። ታንብበው።»

ልጅቷን የእህቱ ጡት አሳደጋት። ስሟን ትሁኔ አላት። ክርስትናዋ ሲደርስ እንዳለው በዚያች ዕለት ብቻውን ቆረበ። ካህኑ ስሙን ጠርተው ሲያቀብሉት፣ ከጎኑ ያለውን ባዶ ቦታ ሰው እንደቆመበት አየው። ለሁለት ያሰቡትን ማዕድ ብቻውን መቅረብ እንዴት ይከብዳል!

ከዚያ የክትባቷ ቀን መጣ። እህቱ አሞኛል ስላለች እንዳለው አንቀልባውን ከግድግዳው አወረደና ልጁን በጀርባው አዘለ። በላስታ ወንድ ልጅ በአንቀልባ አያዝልም። ገበያተኛው እየቆመ አየው። ውኃ ቀጂዎቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ፤ «ኧረ እመት እንዳለው! መቼ ወለዱ?» አለች አንዷ። ሌላዋ ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር ነገረቻት፤ ሁሉም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። ያ በሰው ፊት ለመናገር የሚያፍር ሰው ራሱን አቅንቶ በመካከላቸው አለፈ።

ጤና ጣቢያው ሲደርስ ማኅሌት ካርድ አወጣች።

«የልጅቱ ስም?»

«ትሁኔ እንዳለው» አለ። «የክርስትናዋንም ጻፊው።»

«የክርስትናዋን? እዚህ አይጻፍም እኮ። ደግሞስ ይደበቅ የለም እንዴ?»

«ጻፊው ማኅሌት። እናቷን የፈለግኋት በአንድ ስም ብቻ ነበር።»

ማኅሌት ብዕሯን አነሣች። ከዚያ ጆሮዋን አቀረበችለትና እሱ ቀስ ብሎ የነገራትን ጻፈች።

የሰው ዕድል እንዲህ ናት። አንዳንዱን በጎርፍ ትወስደዋለች፣ አንዳንዱን በጥይት፤ አንዳንዱን ደግሞ እጁ ውስጥ አስገብታ ታሳየውና መልሶ እንዲያስቀምጠው ታደርገዋለች። ፍቅርም ደብቃ ታስቀምጣለች፤ የተደበቀውም የሚገለጥበት ቀን አንዳንዴ ይዘገያል። ምን ይደረጋል? እንዳለው የልጁን ካርድ ከእናቷ ኮፒ ጋር አጥፎ ደረቱ ውስጥ ከተተ፤ የአንቀልባውን ማሰሪያ አጠበቀ፤ ዳገቱን ሲጀምርም፣ በሕይወቱ ሙሉ ዝም ሲል የኖረው ሰው፣ ጀርባው ላይ ላለችው ልጅ ያቺን የመነኩሲቷን ቀልድ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይነግራት ጀመር።